ጎታን ሲሊንደር ያለው ማነው?

ቅርጽን ለይቶ ማወቅ የሂሳብ ሰዎች ጉዳይ ነው ብሎ የሚያምን ተማሪ ብዙ ነው። የሥነ ጽሑፍ፣ የታሪክና የፍልስፍና ተማሪዎች የሆንን እኛማ፣ ከኩብና ከሾጣጣ ጋር የነበረንን ሒሳብ ከሁለተኛ ደረጃ ፈተና ጋር ዘግተን የመጣን ይመስለናል። ዳሩ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። «ይህ የዚህ ወገን ነው፤ ያ የዚያ ወገን ነው» ብሎ መመደብ የዕውቀት ሁሉ መጀመሪያ ነው። ምደባ ባለበት ደግሞ መዳቢ አለ። መዳቢ ባለበትም ትክክልና ስሕተት፣ ክብርና ንቀት ተከታትለው ይመጣሉ። ስለዚህ በዚህች አጭር መጣጥፍ የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድን ነገር በጥቅሙ የሚጠራ ሰው፣ በቅርጹ ከሚጠራው ሰው ያነሰ ዐዋቂ ነውን?

ጥያቄው ከደመና የወረደ እንዳይመስል መሬት እናስይዘው። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጎብዬን አለፍ ብላ የምትገኘውን ሮቢትን እንውሰድ። በምሥራቅ የዞብል ተራራ የሚታያት፣ ማሽላ የሚዘራባት የራያ ቆላ ናት። በዚያ ሜዳ ላደገ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ አንድ ሥዕል ቀረበለት እንበል። ከላይ ክብ፣ ከታች ክብ፣ ወገቡ ቀጥ ያለ። «ይህ ምንድን ነው?» ይባላል። «ጎታ!» ይላል ልጁ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ወዲያው በቀይ ቀለም ኤክስ። ትክክለኛው መልስ «ሲሊንደር» ነበራ!

እንግዲህ የተሳሳተው ማነው?

በመጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ የሚገባውን ፍርድ እንስጠው። ትምህርት ቤቱ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ያላቸውን ቅርጾች የሚለየው በሦስት ነገር ነው፤ በገጽ፣ በጠርዝና በጫፍ። ገጾቹ በሙሉ ዝርግ ከሆኑ ኩብ፣ ፕሪዝም ወይም ፒራሚድ ይሆናል። የጎበጠ ገጽ ካለው ወደ ሲሊንደር፣ ወደ ሾጣጣ ወይም ወደ ሉል ይሄዳል። ኩብ 6 ገጽ፣ 12 ጠርዝና 8 ጫፍ አለው። መሠረቱ አራት ማዕዘን የሆነ ፒራሚድ ደግሞ 5 ገጽ፣ 8 ጠርዝና 5 ጫፍ አለው። አሁን ገጹንና ጫፉን ደምረን ጠርዙን እንቀንስ። ለኩቡ 6 ሲደመር 8 ሲቀነስ 12፣ ውጤቱ 2። ለፒራሚዱ 5 ሲደመር 5 ሲቀነስ 8፣ ይኸም 2። ሊዮናርድ ኦይለር የተባለው የስዊስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1750 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ይህን ነገር ገልጾታል። ድንጋይ ይሁን እንጨት፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ቀዳዳ የሌለውና ገጹ ዝርግ የሆነ ጠጣር ነገር ሁሉ ለዚህች 2 ይገዛል። ይህን አይቶ የማይደነቅ ሰው ቅኔ ሲዘረፍ ሰምቶም የሚደነቅ አይመስለንም።

ነገር ግን ቀረብ ብለን ስናየው የትምህርት ቤቱ አመዳደብም እንደ መንበረ ታቦት የማይነካ አይደለም። ሲሊንደር ስንት ጠርዝ አለው? ጠርዝ ማለት ሁለት ዝርግ ገጾች የሚገናኙበት ቀጥ ያለ መስመር ነው ካልን፣ አንድም የለውም። ሁለት ገጾች የሚገናኙበት መስመር ሁሉ ጠርዝ ነው ካልን ደግሞ ሁለት አለው። ሁለቱንም ዓይነት መልስ የሚሰጡ የመማሪያ መጻሕፍት አሉ። እንደዚሁም ኩብን «ፕሪዝም ነው» ብሎ የመለሰ ልጅ ኤክስ ሊያገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ልጁ ትክክል ነው፣ ኩብ ከፕሪዝም ወገን ነውና። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የጠጣር ቅርጾችን ስም ግን መልአክ አላወጣውም። ሰዎች ተነጋግረው፣ ተከራክረው፣ ለሥራ እንዲመች ብለው ተስማሙበት። ስምምነት መሆኑ አያዋርደውም፤ ስምምነት መሆኑን መርሳት ግን አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ቤት እንግባ። በዚያ ቤት ምደባ የለም የሚል ካለ ተሳስቷል። እህል የሚቀመጥበት ዕቃ ብቻ ስንት ዓይነት ነው! ጎተራ ከደጅ የሚቆም ነው፤ ከእንጨት ተማግሮ፣ ተመርጎ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ክዳን ለብሶ። ጎታ ከቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነው፤ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ተቦክቶ በሴት እጅ የሚሠራ። በቆላ አገር ማሽላ የሚቀበርበት ጉድጓድም አለ። በሐረርጌ በሰፊው እንደሚታወቀው አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ውሃ ከሆነ እንስራ፣ ጠላ ከሆነ ጋን፣ እንጀራ ከሆነ መሶብ፣ ዱቄት ከሆነ እንቅብ። እያንዳንዱ ስም ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፤ ምን ይይዛል? የት ይቀመጣል? ማን ይሠራዋል? የገጽና የጠርዝ ቁጥር አይጠየቅም እንጂ፣ መለየቱስ በደንብ ተለይቷል።

ይህ ብቻም አይደለም። ጎታ ክብ የሆነው እንዲያው በልማድ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ያስላ። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ አራት ማዕዘን አድርገን ብናቆመው 9 ካሬ ሜትር መሬት ያቅፋል። ያንኑ 12 ሜትር ክብ አድርገን ብናዞረው 11 ካሬ ሜትር ተኩል ገደማ ያቅፋል። በተመሳሳይ ጭቃና በተመሳሳይ ድካም ክቡ ብዙ እህል ይይዛል ማለት ነው። በዚያ ላይ ማዕዘን ያለው የጭቃ ዕቃ የእህሉ ግፊት ሲበረታበት የሚሰነጠቀው ከማዕዘኑ ነው። ጎታ የምትሠራ እናት ይህን በቁጥር አትነግረንም። «እናቴ፣ ይህ ምን ዓይነት ቅርጽ ነው?» ብንላት፣ «ቅርጽ? ጎታ ነው እንጂ ልጄ!» ብላ ትስቅብን ይሆናል። እጇ ግን ያውቀዋል። እጅ የሚያውቀውን አፍ ስላልተናገረው ብቻ «አይታወቅም» ማለት ይቻላል?

ይቻላል ያሉ ሊቃውንት ነበሩ። አሌክሳንደር ሉሪያ የተባለው የሶቪየት የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 ወደ ኡዝቤኪስታን መንደሮች ተጉዞ ፊደል ላልቆጠሩ ገበሬዎች የቅርጽ ሥዕሎችን አሳየ። ክቡን «ሳህን»፣ «ወንፊት»፣ «ጨረቃ» አሉት። ሦስት ማዕዘኑን በአንገት የሚታሰር ክታብ ነው አሉ። አራት ማዕዘኑን «መስተዋት»፣ «በር» አሉት። ለመምህርነት ይሠለጥኑ የነበሩት ግን «ክብ»፣ «ሦስት ማዕዘን» ብለው መለሱ። ሉሪያ ከዚህ ተነሥቶ፣ ረቂቅ አስተሳሰብ ከትምህርትና ከኑሮ ለውጥ ጋር የሚመጣ ነው ሲል ደመደመ። ጥናቱ በመጽሐፍ የታተመው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ነበር። እንግዲህ የሮቢቱን ልጅ ለሉሪያ ብናቀርበው ኖሮ፣ ከኡዝቤኩ ገበሬ ጎን ያስቀምጠው ነበር ማለት ነው።

የሉሪያን ትዝብት አንክድም። ሰዎቹ እንደዚያ መልሰዋል። ከትዝብቱ ወደ ድምዳሜው የተሻገረበት ድልድይ ግን ይፈተሽ። ለመሆኑ «ሲሊንደር» ማለት ምን ማለት ነው? ቃሉ የመጣው ከግሪክ ነው፤ ትርጉሙም የሚንከባለል ነገር፣ መዳመጫ ማለት ነው። «ኮን» የጥድ ፍሬ ነው። «ኩብ» የመጫወቻ ዛሂራ ነው። «ስፌር» የልጆች ኳስ ነው። «ፕሪዝም» በመጋዝ የተቆረጠ ነገር ማለት ነው። የእኛው «ሉል»ም በግእዝ ዕንቍ ማለት ነው። አያችሁ? የጥንቱ ግሪካዊ ቅርጹን ሲያይ «መዳመጫ!» አለ፤ የሮቢቱ ልጅ «ጎታ!» አለ። ሁለቱም ያደረጉት አንድ ነገር ነው። አንደኛው በዘመናት ብዛት ሊቅ ተባለ፤ ሁለተኛው በቀይ ቀለም ተሰረዘ። ሲሊንደር የሌላ አገር ሰው ጎታ ነው እንጂ ሌላ ምን ነው!

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቻችን ማጨብጨብ ይጀምሩ ይሆናል። «እንግዲያው ረቂቁ ዕውቀት ከንቱ ነው፤ የሕዝቡ ዕውቀት ይበቃል» ይሉናል። ኧረ ቀስ! እኛ እንዲህ አላልንም። የገበሬውን ዕውቀት እያሞገሱ ገበሬውን እዚያው ባለበት መተው፣ ከንቀት የማይሻል ሌላ ዓይነት ንቀት ነው። ይህን ለማየት ከጎታው ወደ አውድማው እንሂድ።

በአውድማ ላይ የተወቃ ማሽላ ሲከመር ራሱን በራሱ ሾጣጣ ያደርጋል። ማንም አላስተማረውም፤ እህሉ እየተንሸራተተ የሚያርፍበት የራሱ ዳገት አለው። መሠረቱ ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር፣ ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክምር እናስብ። የሾጣጣ ይዘት፣ ያው መሠረትና ያው ከፍታ ካለው ሲሊንደር ይዘት ሲሶው ነው። ይህን መጀመሪያ የተናገረው ዲሞክሪተስ፣ ያረጋገጠው ደግሞ ኢውዶክሰስ መሆኑን አርኪሜዲስ ጽፏል። በዚህ ስሌት ክምራችን 0.63 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በማሽላ ክብደት አራት ኩንታል ተኩል ገደማ። አሁን ከጎኑ ከፍታው እኩሌታ የሆነ ሌላ ክምር እናስብ፤ 30 ሳንቲ ሜትር። የዐይን ፍርድ «ይህ የዚያ ግማሽ ነው» ይላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዳገቱ አንድ ስለሆነ ከፍታው ሲያንስ መሠረቱም አብሮ ያንሳል። ርዝመቱም፣ ስፋቱም፣ ከፍታውም በእኩሌታ ቀነሱ ማለት ነው። ስለዚህ ትንሹ ክምር የትልቁ ግማሽ ሳይሆን ስምንተኛው ነው፤ ስድሳ ኪሎ እንኳ አይሞላም!

በዚህ ስሕተት ውስጥ የስንት ቤተሰብ ዳቦ እንዳለ እናስተውል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ በአገራችን እኩል አራሽና ሲሶ አራሽ የሚባል ሰው ነበር። ሰብሉን በዐይኑ አይቶ «ይህን ያህል ይሆናል» የሚል ገማችም ነበር። በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የተነሣው የገበሬዎች ዐመፅ የተነሣው ከአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ ነው፤ ገበሬው ግብሩን ብቻ ሳይሆን ገማቹንና ግምቱን ጭምር አላመነም ነበር። ከፍ ያለ ክምር በዐይን ሲታይ ያታልላል። ማታለሉም ሁልጊዜ እንዲያው በአጋጣሚ ብቻ አይደለም፤ የሚጠቀምበት ሰው አለ። «የሾጣጣ ይዘት የሲሊንደሩ ሲሶ ነው» የምትለዋ ደረቅ ዐረፍተ ነገር ለእኛ የፈተና ጥያቄ ናት፤ ለዚያ ሰው ግን ጋሻው ልትሆን ትችል ነበር።

ደግሞስ ገበሬው ረቂቅ ነገር አያውቅም ማን አለ? ቁና ምንድን ነው? ቁና እህሉ ሾጣጣ ሆኖ ይከመር፣ በጎታ ይግባ፣ በስልቻ ይታሠር አይገደውም። ቅርጹን ሁሉ ትቶ ብዛቱን ብቻ ይቆጥራል። ከዚህ በላይ ረቂቅ ምን አለ? ጠቡም እዚያው ላይ ነው። ቁናው በአፉ ልክ ይሰፈር ወይስ ይቆለል? ከአፉ በላይ የምትቆለለው ያቺ ትንሽ ነገር እንደገና ሾጣጣ ናት። ተቀባዩ ይቆለል ይላል፣ ሰጪው በልኩ ይሁን ይላል። እንግዲህ ጂኦሜትሪ የድሃና የባለጸጋ ነገር አይደለም የሚል ካለ በእህል መስፈሪያ ዙሪያ ቆሞ ይስማ።

ረቂቁ ስም ሌላም ውለታ አለው። «ጎታ» የሚለው ቃል ጎታ በሌለበት አገር አይሠራም። ራያ ራሱ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ሲገናኙ የኖሩበት አገር ነው፤ አንዱ ዕቃ በየቋንቋው የየራሱ ስም አለው። ቅርጹ ግን አንድ ነው። ዛሬ በመስኖ ሜዳው ላይ ያለው የውሃ ቧንቧ፣ በየደጁ የቆመው የፕላስቲክ ሮቶ፣ የናፍጣው በርሜልና የእናቲቱ ጎታ አንድ ወገን መሆናቸውን፣ የአንዱን ይዘት ማስላት የቻለ የሁሉንም ማስላት እንደሚችል የሚያሳየን ረቂቁ ስም ነው። ቋንቋችንም በዚህ በኩል ሊሠራበት ይገባል። ሳንቲሙን «ክብ» እንላለን፣ ብርቱካኑን «ክብ» እንላለን፣ ጎታውንም «ክብ» እንላለን። ሦስቱ ግን ሦስት ናቸው። ድቡልቡል፣ ሞላላ፣ ሾጣጣ፣ ሹል የሚሉ ግሩም ቃላት እያሉን ለይቶ መናገርን ቸል ማለት የቋንቋው ድህነት አይደለም፤ የእኛ ስንፍና ነው።

ታዲያ ሁለቱን እንዴት እናስታርቃቸው? ለዚህ ከሮቢት ብዙም ሳንርቅ፣ እዚያው ሰሜን ወሎ ውስጥ ግሩም ምሳሌ አለን፤ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ። ከአንድ አለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ከላይ ሆኖ ለሚያየው መስቀል ነው። እንግዲህ የሂሳብ ሰው መጥቶ «ይህ መሠረቱ ባለ 12 ማዕዘን የሆነ ፕሪዝም ነው» ቢለን በደፈናው እውነት ተናገረ። ተሳላሚዋ እናት «ቤተ ክርስቲያን ነው» ብትለንም እውነት ተናገረች። የመጀመሪያው ብቻ ቢቀር ሕንፃው ባዶ ድንጋይ ይሆናል። ሁለተኛው ብቻ ቢቀር ደግሞ ያን ድንጋይ የፈለፈሉት ሰዎች ልክና ማዕዘን ጠንቅቀው ማወቃቸው ይረሳል። ማዕዘኑን የለየው ጠራቢና የተሳለመው ምእመን አንድ ሰው ሊሆን ይችል ነበርኮ! አንዱ እውነት ሌላውን አይሽረውም፤ ሻሪው እኛ የምንሰጠው ማርክ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለችው ነጥብ የጽሑፋችን ዋና ነጥብ ናት። ፕላቶን ቲማየስ በተሰኘው ድርሰቱ ለመሬት ኩብን፣ ለእሳት ፒራሚድን፣ ለአየርና ለውሃም የየራሳቸውን ቅርጽ ሰጣቸው። ኩብ ከሁሉ ይልቅ የረጋ ነውና ለመሬት ይገባል አለ። ዛሬ ይህን ስናነብ ፈገግ እንላለን፤ ማንም አልተጎዳበትም። ይኸው ሰው ግን በሌላ ድርሰቱ ሰዎችን ወርቅ፣ ብርና ናስ እያለ መደባቸው። እዚህ ላይ ፈገግታችን ይቆማል። ለምን? ሉልን «ሉል ነህ» ብንለው አያፍርም፣ አይኮራም፣ አይለወጥም። ሰው ግን የተጠራበትን ስም ይሰማል። «ሰነፍ» የተባለ ልጅ ሰነፍ መሆን ይጀምራል። «መሃይም» የተባለ ገበሬ የሚያውቀውን ከመናገር ዝም ይላል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል ማስቆጠሩ ትልቅ ሥራ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ምንም የማያውቅ ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን በዘመቻም አልጠፋም፤ በእኛ በተማርነው ዘንድ አሁንም አለ። ቅርጽን መመደብ ሣይንስ ነው። በቅርጽ መልስ ሰውን መመደብ ግን ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ ማስረጃ ይጠይቃል።

ስለዚህ ለተነሣንበት ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ነገርን በጥቅሙ የሚጠራ ሰው ያነሰ ዐዋቂ አይደለም፤ የዕውቀትን የመጀመሪያ እኩሌታ ይዟል። በቅርጹ የሚጠራውም የበለጠ ሰው አይደለም፤ ሁለተኛውን እኩሌታ ይዟል፣ ያውም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ረስቶ። የአስተማሪ ሥራ ደግሞ ሁለቱን ማገናኘት ነው። «ጎታ!» ላለው ልጅ የሚገባው መልስ፣ «አዎን፣ ጎታ ይመስላል። ደግሞስ ሌላ ምን ይመስላል?» ነው። ልጁ «በርሜል» ይላል፣ «ቧንቧ» ይላል፣ «የባትሪ ድንጋይ» ይላል። «እነዚህ ሁሉ የሚመሳሰሉት በምንድን ነው?» ሲባል ራሱ ሁለቱን ክብና ጎባጣውን ወገብ ያገኘዋል። ያን ጊዜ «ሰዎች ለዚህ ሁሉ ሲሊንደር የሚል አንድ ስም ተስማምተዋል» ቢባል፣ ቃሉ ለልጁ ሽልማት እንጂ ቅጣት አይሆንበትም። ጊዜ ይፈጃል? አዎን፣ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ክፍሉ ሰባ ተማሪ አለበት? አዎን፣ ሊኖርበት ይችላል። ኤክስ መጻፍ ግን ሁለት ሰኮንድ ብቻ የሚፈጅ ስለሆነ ብቻ ትክክል አይሆንም።

ጓደኞቻችን ሆይ! ነገ ከመካከላችን አንዱ በሮቢት ወይም በሌላ ሮቢት መምህር ይሆናል። ሌላው ቅጽ የሚያስሞላ፣ ሌላው ሰብል የሚገምት፣ ሌላው ዕርዳታ የሚገባውንና የማይገባውን የሚለይ ባለ ሥልጣን ይሆናል። ሁላችንም መዳቢዎች ልንሆን ነው። የምንመድበው ጠጣር ነገር ከሆነ ገጹንና ጠርዙን ቆጥረን እንጨርስ። የምንመድበው ሰው ከሆነ ግን ከመቁጠራችን በፊት እርሱ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ እንጠይቀው። በዚህ የማይስማማ ወገን ካለ ብዕሩ አይታሰርበት፤ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፣ እንነጋገርበት።